የሰይድ እርሾ

ያ ረቡዕ እንደማንኛውም ረቡዕ ነበር። ለምሳ ከሥራ ስመለስ ወንድሜን ሰይድን ጓሮ ውስጥ ከበርሜሉ አጠገብ ተንበርክኮ አገኘሁት። እጁ እስከ ክርኑ በጥቁር ጭቃ ተለውሷል። እማ ከቤት ውስጥ ሆና ትናገራለች።

«ሰይድ፣ ጎረቤት ከሰፈር ሊያስወጣን ነው። የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው።»

«እሱን ሽታ ነው የምፈልገው፣ እማ። የጠፋ ቀን ነው የምደነግጠው።»

«አንተማ ሚስት እንዳታገኝ ነው የምትለፋው።»

«ሽታውን ችላ የመጣችዋ ናታ የኔ ሚስት።»

እማ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን አየኋት።

ሰይድ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር ማለት አለብኝ፤ እስካሁን አልለመድኩትም። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እዚሁ ሸዋ ሮቢት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። አባታችን ከሞቱ በኋላ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። እኔ ሙሄ እባላለሁ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናውን አላለፍኩም ነበር፤ ሽንኩርት ማሳ ላይ የውሃ ሞተር እያስነሳሁ እውላለሁ። ጽሑፍ አልችልበትም። ቃል ሲጠፋኝ ታገሱኝ።

ከማሳዎቻችን በላይ የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ዕቃ ክሮም በሚባል አንጸባራቂ ብረት የሚነክር ወርክሾፕ አለ። ባለቤቱ ጋሽ መኮንን ይባላሉ። ብረቱ ተነክሮ ሲወጣ ይታጠባል፤ ያጠበው ውሃ ቢጫ ነው። ደማቅ፣ የሚያበራ ቢጫ፣ እንደ ሎሚ ከረሜላ። ያ ውሃ በትንሽ ቦይ ወርዶ እኛ ሽንኩርትና ማሾ ከምናጠጣበት ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ገበሬዎቹ መሯቸዋል። አለቃቸው ሐጂ እንድሪስ፣ «ሰኞ ጠዋት ቦዩን በድንጋይ ደፍነን እንገላገላለን» አሉ። ጋሽ መኮንን ደግሞ፣ «ከደፈናችሁ ወርክሾፑ ተዘጋ ማለት ነው፤ ሠራተኞቼን እናንተ አብሏቸው» አሉ። ሰይድ መሃል ገባ። «እስከ ሰኞ ጠዋት ስጡኝ። ውሃው ሲጠራ በዓይናችሁ አሳያችኋለሁ» አላቸው። እንዲህ ብሎ ቃል ገባ።

በርሜሉ የዚያ ጉዳይ ነው።

«ይሄ ጭቃ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» አለኝ። «ከጋሽ መኮንን ቦይ ሥር ነው። እዚያ እንቁራሪት የለም፣ ሣር የለም። ባክቴሪያ ግን አለ። ሌላው ሲሞት እነሱ ለመዱት። እና ከሩቅ አገር ባክቴሪያ ምን ያስመጣኛል? የይፋት ሰው እያለልኝ።»

«ባክቴሪያም የይፋት ሰው ሆነ?»

«ሙቀት ይችላል፣ መጥፎ ውሃ ጠጥቶ አልሞተም። ታዲያ የየት ሰው ይሁን?»

ምግባቸው እበትና ጭማቂው የወጣለት ሸንኮራ ነው። አየር አይወዱም፤ ስለዚህ ክዳናቸው ጥብቅ ማለት አለበት። ሲበሉ ያንን የእንቁላል ሽታ ያወጣሉ። ሽታው ውሃው ውስጥ ከሟሟው ብረት ጋር ሲገናኝ ብረቱ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ታች ይቀመጣል። ክሮሙ ደግሞ ቢጫነቱን ለቆ አረንጓዴ አተላ ይሆናል። ሰይድ እንዲህ አሳጥሮ አልነገረኝም። ሲናገር እጁ ይወራጫል፣ ጭቃው ሸሚዜ ላይ ይረጫል።

«ብረቱን በሉት ማለት ነው?»

«ብረት አይበላም፤ አይጠፋምም። ከውሃው አውጥተው ታች አስቀመጡልን፣ በቃ። ዝቃጩን ሰብስበን ማሸግ የኛ ሥራ ነው። ሜዳ ላይ ከደፋነው ግን ምንም አልሠራንም።»

ከዚያ ከበርሜሉ ጥቁር ውሃ በሃይላንድ ቀዳ። ከወርክሾፑ ባመጣው ጄሪካን ውስጥ ካለው ቢጫ ውሃ ደግሞ አንድ ሲኒ ለክቶ ጨመረበት። ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ጥላ ሥር አስቀመጠው።

«አንድ ሲኒ ብቻ?» አልኩት።

«ቀስ ነው። አስለምዶ ነው።»

ወደ ሥራዬ ልመለስ ስል፣ «ሂድ፣ ለአስር ሶላት ግን ና» አለኝ። ስመጣ ከሩቅ ይጠራኛል። «ሙሄ፣ ሩጥ።» ሮጥኩ። ጥቁሩ ከታች ዘቅጧል። ከላይ ያለው ውሃ ቢጫ አይደለም። ሃይላንዱን ወደ ፀሐይ አነሳው፤ በውስጡ የሰይድ ጣቶች ይታያሉ። ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልንገራችሁ? ማንም ሳይነካው፣ ኬሚካል ሳይገባበት፣ ከእኛ ጓሮ በወጣ ጭቃ ውሃው ጠራ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን።

«ልጠጣው?» አልኩት፣ ለቀልድ።

ሳቁን አቆመ። «ስማ። ጠራ እንጂ ጸዳ አላልኩም። ዓይን የማያየው ብረት ሊቀር ይችላል። ነገ ደብረ ብርሃን ወስጄ አስለካዋለሁ። ወረቀቱ ሳይመጣ ማንም ጸድቷል እንዳይል።»

ሐሙስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሊወጣ ሲል ራሴ ላይ ቆመ። እኔ እንቅልፍ ውስጥ ነኝ።

«ሙሄ፣ እርሾዋን አስቀምጫለሁ። ሰማኸኝ?»

«እህ» አልኩት። የእማ ሊጥ ጉዳይ መሰለኝ። ምን አገባኝ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ፊቱን አላየሁትም።

ቀትር ላይ ከደብረ ብርሃን ደወለ። «ናሙናውን ሰጥቻለሁ። ውጤቱ ሲደርስ ይደውሉልኛል። መጣሁ።» አስር ላይ ስልኬ እንደገና ጮኸ። የማላውቀው ሰው ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ጉም ነበር አለ። ሚኒባሱ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ አለ። ሌላ ያለውን አልሰማሁም።

ዓርብ ቀበርነው። ስለዚያ ቀን መጻፍ አልችልም።

አንድ ነገር ግን መጻፍ አለብኝ። የእድሩ ልጆች ጓሮ ድንኳን ሊተክሉ መጡና አንዱ፣ «ሙሄ፣ ይሄ የሚሸተው በርሜል ይደፋ? እንግዳ ይመጣል፣ ነውር ነው» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም ነበር። አፍንጫዬም ዓይኔም አብረውኝ አልነበሩም። ይደፋ አልኩ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሰዎች ለሶላት ውዱ ሲያደርጉ አያለሁ። ከአንድ በርሜል እየቀዱ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ። በርሜሉ ላይ ነጭ ቀለም የነካው ጠርዝ አለ። ያንን ጠርዝ አውቀዋለሁ። ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ሆንኩ። ተነሳሁና ሮጬ በርሜሉን በሁለት እጄ ገፋሁት። ውሃው የሰው ጫማ አጥቦ ሄደ።

«አበደ» አለ አንዱ።

«ያዙት፣ ሐዘን ነው» አለ ሌላው።

«ውሃው ነው» እላለሁ እኔ። «በርሜሉ ነው። ክሮም ነበረበት። አፋችሁን በሌላ ውሃ ታጠቡ።» ቃላቱ ተደነባበሩብኝ። ሐጂ እንድሪስ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ሙሄ፣ ረጋ በል። የሰይድ በርሜል ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«በውስጡ የነበረውስ?»

«ተደፋ። እኔ ነኝ ይደፋ ያልኩት።»

ሐጂ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሰዎቹ በሌላ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዙ። ከዚያ በርሜሉ የተደፋበትን ጉድጓድ ሄጄ አየሁት። በአሸዋ ተሸፍኗል፣ ነጭ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ሽታውን ለማጥፋት በረኪና አፍስሰውበታል። ተንበርክኬ አሸተትኩት። በረኪና ብቻ። ሰይድ የሞተው ሐሙስ ነው፤ እኔ ግን የሞተ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው። ሰኞ ጠዋት አሳያችኋለሁ ብሎ ነበር። ወንድሜ ቃሉን የበላ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው፤ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

ከዙሁር በኋላ እትዬ ዘይነባ መጡ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን እያፍተለተሉ እንዲህ አሉኝ፦

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር አለ። በሐዘን ላይ ማንሳቱ ከብዶኛል። ግን አማና ነው፣ አደራ ነው፤ የሟች አማና ያስፈራኛል።»

«ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ሐሙስ በጠዋት ሰይድ መጣ። አንዲት ጄሪካን ይዟል። እትዬ፣ እርሾ ነው፣ እናቴ እንዳትደፋብኝ እርስዎ ጋ ትቀመጥ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ማታ ላይ መርዶው መጣ። ትናንት ከፍቼ ሳያት…» እንባቸውን ጠረጉ። «ተበላሽታለች። ሽታዋ አይነገርም። አማናውን አበላሸሁበት፣ ሙሄ።»

«ደፏት?»

«አልደፋኋትም። እርሾ ሲከፋ ምን ይደረጋል? ዱቄት ይጨመርበታል። ጤፍ ጨመርኩባት፣ ለብ ያለ ውሃ ጨመርኩ፣ ክዳኗን በላስቲክ አሰርኩና ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኳት። እንደዚያም ሆኖ አልተመለሰችም። ዛሬ ጠዋት ጭራሽ ብሶባታል። ለእንጀራ አትሆንም፣ ወላሂ።»

ተነስቼ ሮጥኩ። ሐዘንተኛ እንደማይሮጥ አውቃለሁ። ሮጥኩ።

ጄሪካኗ ምድጃው አጠገብ ናት። ጎኗ አብጧል። ላስቲኩን ስፈታው ክዳኗ በራሱ ተፈናጠረ። ሽታው ፊቴን መታኝ፤ የተበላሸ እንቁላል፣ የእማ ቁጣ፣ የሰይድ ሸሚዝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሳቅኩ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ ደርሰው በር ላይ ቆመዋል።

«ምነው ልጄ?»

«በሕይወት አለች፣ እትዬ። አልተበላሸችም። መሽተት ነው ሥራዋ። እርስዎ አበሏት እኮ።»

«እንዲህ እየሸተተች ደህና ናት?»

«በጣም ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና እሳቸውም ተቀመጡ። ቆይተው፣ «ምን ዓይነት እርሾ ነው ግን ይሄ?» አሉ።

ነገርኳቸው። እንደ ሰይድ አልችልበትም፤ እጄ ግን እንደሱ ይወራጭ ነበር። ገባቸው። እንዲያውም ከኔ የበለጠ ገባቸው፤ ምክንያቱም ጄሪካኗን ይዤ ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ሙሉዋን ልትጨርስ ነው?»

«በርሜል ሙሉ ያስፈልገኛል።»

«እርሾ ሙሉው አይገባም። ግማሹ ይቀመጣል። ሊጡ ቢበላሽስ?»

ግማሿን በሌላ ዕቃ ቀንሼ እሳቸው ጋ ተውኩ። ለእሳቸው ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ።

የሰይድ ቢጫ ውሃ ጓሮ ጥግ እንዳለ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ቸኩያለሁ። የያዝኩትን እርሾ በአራት ሃይላንድ አካፈልኩና ሁሉንም በቢጫ ውሃ እስከ አፉ ሞላሁት። ነገ ይጠራል፣ ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው። ዓይኔን ሳልጨፍን አነጋሁ።

እሑድ ጠዋት አራቱም ቢጫ ነበሩ።

አንዱን ከፍቼ አሸተትኩ። ምንም። እንደገና አሸተትኩ። የጠፋ ቀን ነው የምደነግጠው ብሎ ነበር። ጭቃው ታች ተኝቷል፣ ውሃው ላይ ያ ደማቅ ቢጫ አለ፣ ሽታ የለም። ገድያቸዋለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ገደልኳቸው። አጥሩ ላይ ተደግፌ ቀረሁ።

ሲኒዋን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ሰይድ ለሙሉ ሃይላንድ አንድ ሲኒ ብቻ ነበር የጨመረው። ቀስ ነው፣ አስለምዶ ነው አለኝ። እኔ በአንድ ጊዜ አሰጠምኳቸው። እትዬ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ምንም ሳልናገር ፊቴን አይተው የቀረችውን ግማሽ አወጡልኝ።

«እዚሁ እኔ ጓሮ አድርገው» አሉኝ። «እዚያ ሰው ይበዛል። እኔም ልያት።»

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋን ሲኒ ጨመርኩ። በሃይላንድ ነው፤ ውስጡ እንዲታይ። ክዳኑን ዘጋሁ። ጠበቅን። ከማዶ የለቅሶው ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ሲመጣ ከፍ ይላል፣ ሲቀመጥ ዝቅ ይላል። እኔ ወንድሜ ተቀብሮ ሃይላንድ ላይ አፍጥጬ አያለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። ቢጫው አሁንም አለ።

«እምቢ አለች?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«አላውቅም።»

«አትጨቅጭቃት። እንግዳ ምግብ ነው።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከታች ጀመረ። ቢጫው ከጭቃው በላይ ጣት በምታህል ቦታ ሳሳ። መጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ። እትዬን ጠራኋቸው። ሃይላንዱን አንስተው ወደ ብርሃን አደረጉት።

«ሙሄ፣ እየለቀቀ ነው።»

«እየለቀቀ ነው አይደል?»

«ወላሂ እየለቀቀ ነው።»

ለዙሁር ቢጫው ሄደ። ሁለተኛ ሲኒ። ይሄኛው ፈጠነ። ሦስተኛ። ሽታው ጨመረ፤ እኔ ደስታዬ ጨመረ። በእያንዳንዷ ሲኒ እትዬ ዘይነባ፣ «ጠገበች? ጨምርላት?» ይሉኛል። «ቆይ፣ ትዋጠው» እላለሁ። ለቅሶ ቤት ሄጄ እንግዳ እቀበላለሁ፣ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ተመልሼ እሮጣለሁ። የሰይድ ሦስተኛ ቀን ነበር። ልቤ ግን እንደ ረቡዕ ይመታ ነበር። ኃጢአት ይሆን ብዬ እፈራለሁ፤ ሲኒውን ሳነሳ ደግሞ እረሳዋለሁ። ለመግሪብ አንድ ትልቅ ጄሪካን ውስጥ ገልብጠን በእበትና በሸንኮራ አበዛናት፤ ሲኒውም ወደ ጣሳ አደገ። ጠዋት ስንከፍተው እትዬ ዘይነባ አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ማሻአላህ» አሉ።

ሰኞ ወርክሾፑ በር ላይ ሐጂ እንድሪስ ከገበሬዎቻቸው ጋር ቆመዋል። ድንጋዩ ተከምሯል። ጋሽ መኮንን ከሠራተኞቻቸው ጋር በሌላ በኩል። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ሙሄ፣ አላህ ያጽናችሁ» አሉ ጋሽ መኮንን፣ በእኛ ወግ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ሁሌም እንዲህ ነው የሚሉን። «ዛሬ ማንም አይጠብቅህም ነበር እኮ።»

«ሰይድ ሰኞ ብሏል» አልኩ።

ሁለት ብርጭቆ ጠየቅኩ። በአንዱ ከቧንቧቸው የወረደውን ቢጫ ውሃ ቀዳሁ። በሌላው ከጄሪካኔ አጥልዬ ቀዳሁ። ሁለቱን ግንቡ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ፀሐይ ገና ከመውጣቷ ነበር፤ ብርሃኑ በሁለቱም አለፈ። አንዱ ደማቅ ቢጫ። ሌላው እንደ ምንጭ ውሃ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩ። አሸተቱም፤ ቀና አሉ።

«መልኩ ውሃ ነው። ሽታው ግን ጅብ ያባርራል።»

ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ። ጋሽ መኮንን ብርጭቆውን አንስተው ያገላብጡታል። «ይሄ ከኔ ውሃ ነው? ከኔ?»

«ከእርስዎ ነው።»

«በጭቃ?»

«በጭቃ።»

አንድ ገበሬ ተጠግቶ አቀፈኝ። ሌላው፣ «ሰይድ አደረገው» አለ። «አላህ ይዘንለት፣ አደረገው።» ይሄንን ቃል ነበር ከዓርብ ጀምሮ መስማት የፈለግኩት። ወንድሜ ቃሉን ጠበቀ። ሐጂ እጃቸውን አነሱ፤

«እንግዲህ ጸድቷል። ድንጋዩን አንሱት። ጋሽ መኮንን፣ ሙሄ ጄሪካኑን በርሜል አድርጎ ይተክልልዎታል፤ ውሃውን ይልቀቁ። ሽንኩርቱም ጠምቶታል።»

ሰዉ ድንጋዩን ማንሳት ጀመረ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ዝም ብል ይበቃ ነበር። ዝም ብል ሰይድ የሰፈሩ ጀግና ሆኖ ይቀራል፤ እኔም አብሬው። ወረቀት የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ማንም የለም፤ ከኔ በቀር።

«ሐጂ፣ ቆይ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደገምኩት። «ቆይ፣ ሐጂ። አልጸዳም።»

«ምን?»

«ጠራ እንጂ አልጸዳም። ማለት… አላውቅም። ሊሆን ይችላል። ግን አልተለካም። ዓይን የማያየው ሊቀር ይችላል።»

«ሙሄ» አሉ ጋሽ መኮንን፣ ቀስ ብለው። «በዓይናችን እያየነው? ወንድምህን ልታሳጣው ነው?»

«ሰይድ ራሱ ነው ያለው። ወረቀቱ ሳይመጣ ማንም ጸድቷል እንዳይል አለኝ። ለምን ደብረ ብርሃን የሄደ ይመስላችኋል?»

ከድንጋዩ አጠገብ የነበሩት እጃቸውን መለሱ። ሐጂ ብርጭቆውን እንደገና አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«ድንጋዩ ባለበት ይቆይ» አሉ። «ጋሽ መኮንን፣ እስኪለካ ድረስ ውሃዎን በጋን ይያዙት፣ በጉድጓድ ይያዙት፣ እንደሚሆን ያድርጉት። እኛም ሽንኩርቱን ከወንዙ እየቀዳን እናቆያለን።»

ጋሽ መኮንን ግንባራቸውን አሹ። «ስንት ቀን?»

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው።

አንባቢዎቼ፣ መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እንድትጨነቁ አልፈልግም። ውጤቱ ሙሉ ደስታ አልነበረም። ክሮሙ ከውሃው ወጥቷል ማለት ይቻላል። ኒኬል የሚባል ሌላ ብረት ግን ቀርቶ ነበር፤ ውሃው ጠርቶም። ሽንኩርት ላይ ብንለቀው ኖሮ በሰይድ ስም ነበር የምንለቀው። አሁን ወርክሾፑ ውስጥ ሁለት የታሸጉ ጋኖች ተከታትለው ቆመዋል፤ ከአንደኛው ያመለጠውን ሁለተኛው ይይዘዋል። ዝቃጩ በሲሚንቶ ወለል ላይ በበርሜል ይታሸጋል። እየተለካ ነው ውሃው የሚለቀቀው። ባክቴሪያዎቹን የምመግበው እኔ ነኝ። እትዬ ዘይነባ እስከ ዛሬ ግማሽ እርሾ ቤታቸው አላቸው፤ እንድወስደው አይፈቅዱም። እኔም ዘንድሮ ፈተናውን ልደግም ተመዝግቤያለሁ።

ብዙ ጊዜ ስለዚያ እሑድ አስባለሁ። በወንድሜ ሦስተኛ ቀን ያን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። አፍሬበት ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። አሁን አላፍርም። ከሰይድ ጋር ያሳለፍኩት የመጨረሻ ቀን ረቡዕ ነው ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ እኔ እሑድ ነው እላለሁ። እናንተም ከሟች የቀረ፣ የሚሸት፣ ምን እንደሆነ የማታውቁት የተዘጋ ዕቃ ቤታችሁ ካለ፣ ሳትደፉት በፊት ጎረቤት ጠይቁ።

ማክሰኞ ጠዋት ናሙናውን በፌስታል ጠቅልዬ ስወጣ እማ በር ላይ ቆማለች።

«በዚያ መንገድ?»

«ሌላ መንገድ የለም፣ እማ።»

አልከለከለችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ። መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሶቹን አንድ በአንድ ዞረች፤ መኪናዎቹን ሳይሆን ሾፌሮቹን ነበር የምታየው። ወጣቶቹን አለፈቻቸው። ጢሙ የሸበተ አንድ ሰውዬ መሪ ላይ ሻይ ሲጠጣ አገኘች።

«ልጄ ነው» አለችው። «የቀረኝ እሱ ነው።»

ሰውዬው ሻዩን አስቀመጠ። «እሺ፣ እናቴ። ከጎኔ ይቀመጥ።»

ዳገቱን ሲወጣ ተሳፋሪው አጉረመረመ። «በዚህ አካሄድ ለእራት ነው የምንደርሰው» አለ አንዱ። ሾፌሩ አልመለሰለትም። ጣርማ በር ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን አላየሁም፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን ፌስታል ነው ያየሁት።

ላቦራቶሪው ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ተቀበለችኝ። ክዳኑን ገና ስትከፍተው ፊቷን አዞረች፤ ከዚያ ፈገግ አለች።

«ከሸዋ ሮቢት ነህ። ሰይድ ነው የላከህ? ውጤቱ ከዓርብ ጀምሮ ደርሷል፤ ስልኩ አልነሳ ብሎ ተቸግረን ነበር።»

«ሰይድ ሞቷል» አልኳት።

በአምስት ቀን ውስጥ ሰው ሁሉ ብሎታል። ከኔ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። እሷ ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። የሰይድን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ከዚያ አዲሱን ናሙና ለመመዝገብ ቅጽ አቀረበችልኝ። «ናሙናውን ያመጣው» የሚል ቦታ ነበረው። ስሜን ጻፍኩ። አልተነበበም። ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት።